ከአንቲባዮቲክ ጋር የቱን ማስታገሻ ልውሰድ? ፓራሲታሞል፣ አይቡፕሮፌን፣ ዳይክሎፌናክና አስፕሪን ሲነጻጸሩ

አንቲባዮቲክ ህመም አያስታግስም። ሥራው ባክቴሪያውን መግደል ወይም እንዳይራባ መያዝ ነው። ትኩሳቱም ሆነ ውጋቱ የሚበርደው ከዚያ በኋላ ነው፤ ይህም አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ሦስት ቀን ይፈጃል። እስከዚያው ጥርሱ ሌሊቱን ሲጠዘጥዘው ያደረ ወይም ጉሮሮው ምራቅ አላስውጥ ያለው ሰው ማስታገሻ ፍለጋ መድኃኒት ቤት ቢሄድ የሚፈረድበት አይደለም። ችግሩ እዚያ ደርሶ «እስቲ ጠንከር ያለ ማስታገሻ ስጡኝ» ማለቱ ነው።

ከአንቲባዮቲክ ጋር የሚወሰድ ማስታገሻ በጥንካሬው አይመረጥም። የሚመረጠው በታዘዘው አንቲባዮቲክ ዓይነት፣ በታካሚው ጨጓራ፣ ኩላሊትና ጉበት፣ እንዲሁም አስቀድሞ በሚወስዳቸው ሌሎች መድኃኒቶች ነው። ሁለት ሰዎች እኩል ወገባቸውን ቢያማቸው፣ አንዱ አሞክሲሲሊን ሌላው ሲፕሮፍሎክሳሲን እየወሰዱ ከሆነ፣ የሚስማማቸው ማስታገሻ ሊለያይ ይችላል።

ቸኩሎ ለሚያነብ እንዲህ ልበል። ለአብዛኛው ሰው፣ ከአብዛኛው አንቲባዮቲክ ጋር፣ የመጀመሪያው ምርጫ ፓራሲታሞል ነው። አይቡፕሮፌን ሁለተኛ ነው። እብጠት ላለበት ህመም፣ በተለይ ለጥርስ፣ ከፓራሲታሞል ይሻላል፤ የሚሻለው ግን ጨጓራውና ኩላሊቱ ደህና ለሆነ ሰው ነው። ዳይክሎፌናክን ያለ ሐኪም ባይነኩት እመርጣለሁ። አስፕሪንን ለህመም ብሎ መዋጥ ደግሞ ዛሬ ብዙም ምክንያት የለውም። ነገር ግን ይህን ቅደም ተከተል የሚገለብጡ ሁኔታዎች አሉ፤ ጽሑፉ የተጻፈው ለእነሱ ነው።

መጀመሪያ ስሙን መለየት

ፓራሲታሞል አዲስ አበባ ውስጥ በራሱ ስም ይጠራል። ጅዳና ዱባይ ያሉት ፓናዶል ይሉታል፣ አሜሪካ ያሉት ታይሌኖል፣ እስራኤል ያሉት አካሞል። አሜሪካ ሳጥኑ ላይ የሚጻፈው ሌላኛው ስሙ አሲታሚኖፌን ነው። ሁሉም አንድ መድኃኒት ነው። አይቡፕሮፌንም እንዲሁ አድቪል፣ ኑሮፌን፣ ብሩፌን እየተባለ ይሸጣል። አሊቭ የሚባለው ናፕሮክሰን ሲሆን የአይቡፕሮፌን የቅርብ ዘመድ ነው።

ይህን ማወቅ የሚጠቅመው ዘመድ ከውጭ ሲመጣ ሻንጣው ውስጥ አንድ ትልቅ ብልቃጥ ታይሌኖል ስለማይጠፋ ነው። ጧት ከሰፈር መድኃኒት ቤት የገዛውን ፓራሲታሞል፣ ከሰዓት ደግሞ «የአሜሪካውን» የሚወስድ ሰው ሁለት የተለያየ መድኃኒት የወሰደ ይመስለዋል። የወሰደው ግን የአንዱን እጥፍ ነው። አድቪልን ከዳይክሎፌናክ ጋር መደረብም ያው ነው፤ ስማቸው ይለያይ እንጂ የሚሠሩትም የሚጎዱትም በአንድ መንገድ ነው። ሁለቱን መደራረብ ማስታገሻነቱን ብዙም ሳይጨምር ጉዳቱን ይጨምራል።

ሌላው መደበቂያ የጉንፋን መድኃኒት ነው። ቴራፍሉ፣ ዴይኩዊልና ናይኩዊል ፓራሲታሞል አለባቸው። ኤክሴድሪን ፓራሲታሞልም አስፕሪንም ካፌይንም በአንድ ላይ ይዟል። እዚህ አገር የሚሸጡት የጉንፋን እንክብሎችና ሽሮፖችም አብዛኞቹ ፓራሲታሞል አላቸው። ሳጥኑን ገልብጦ በትንሹ የተጻፈውን ማንበብ ግድ ነው፤ ማንበብ ካልተቻለ የሚሸጠውን ባለሙያ «ፓራሲታሞል አለው?» ብሎ መጠየቅ ይበቃል።

ፓራሲታሞል፦ ለምን መጀመሪያ ሆነ?

አዋቂ ሰው በአንድ ጊዜ 500 ወይም 1000 ሚሊግራም ይወስዳል። እስከሚቀጥለው ድረስ ቢያንስ 4፣ ቢቻል 6 ሰዓት ይለፍ። በ24 ሰዓት ውስጥ ከ4000 ሚሊግራም ማለትም ከ8 ባለ 500 ፍሬ ማለፍ የለበትም። ክብደቱ ከ50 ኪሎ በታች ለሆነ፣ መጠጥ ለሚያዘወትር፣ የጉበት ችግር ላለበት፣ በህመሙ ምክንያት ለቀናት እህል ላልቀመሰ ሰው ጣሪያው ዝቅ ይላል። ለእነዚህ በቀን ከ2000 ሚሊግራም ሳያልፉ ሐኪም መጠየቅ ይሻላል።

ጨጓራ አይልጥም፣ በባዶ ሆድ ይወሰዳል፣ በተለመደው መጠን ኩላሊትን አያስቸግርም። ከአሞክሲሲሊን፣ ከአውግሜንቲን፣ ከሴፋሌክሲን፣ ከአዚትሮማይሲን፣ ከዶክሲሳይክሊን፣ ከሜትሮኒዳዞልና ከሲፕሮፍሎክሳሲን ጋር ለአጭር ጊዜ ሲወሰድ የሚያሳስብ ግጭት የለውም። አሞክሲሲሊኑንና ፓራሲታሞሉን በአንድ ብርጭቆ ውኃ መዋጥ ይቻላል፤ «አንድ ሰዓት ላራርቃቸው ወይ?» ብሎ መጨነቅ አያስፈልግም።

ድክመቱ ሁለት ነው። እብጠትን አይቀንስም፤ የድድ ወይም የመገጣጠሚያ እብጠት ላይ ብቻውን አልበቃ ሊል ይችላል። ከመጠን ሲያልፍ ደግሞ ጉበትን ያወድማል፣ ያውም ሳይታወቅ። ከልክ በላይ የወሰደ ሰው በመጀመሪያው ቀን ትንሽ ከማቅለሽለሽ በቀር ምንም ላይሰማው ይችላል፤ ዓይኑ ቢጫ የሚሆነው ጉበቱ ከተጎዳ በኋላ ነው። ማርከሻ አለው፤ ይበልጥ የሚሠራው ግን በመጀመሪያዎቹ 8 ሰዓታት ውስጥ ሲሰጥ ነው። ስለዚህ በስህተት ብዙ የወሰደ ሰው ደህና ነኝ ቢልም በዚያው ቀን ሆስፒታል መሄድ አለበት።

ፓራሲታሞል ራሱ ጥንቃቄ የሚፈልግባቸው መድኃኒቶችም አሉ። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት የጀመረ ሰው ከነዚህ ዋነኛው ነው። አይሶናያዚድና ሪፋምፒሲን ጉበትን ሊጎዱ የሚችሉ መድኃኒቶች ናቸው፤ የተለመደው ሕክምና 6 ወር ይፈጃል። በእነዚያ ወራት በየቀኑ ፓራሲታሞል መውሰድ ጉበቱን ከሁለት አቅጣጫ መጫን ነው። ለአንድ ቀን ራስ ምታት አንድ ሁለት ፍሬ ብዙም አያስፈራም፤ ለሳምንት የሚዘልቅ ህመም ግን ሕክምናውን ለሚከታተለው ጤና ጣቢያ ይነገር። እንግሊዝ አገር ያሉ አንባቢዎች ፍሉክሎክሳሲሊን የሚባል አንቲባዮቲክ ሊታዘዝላቸው ይችላል። ከፓራሲታሞል ጋር በሙሉ መጠን ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ፣ በተለይ ኩላሊቱ በደከመ ወይም በተጎሳቆለ ሰው፣ ደም ውስጥ አሲድ እንዲከማች ሊያደርግ ይችላል። በጣም አልፎ አልፎ የሚገጥም ነው፤ ሆኖም ማወቁ አይከፋም። ደም ማቅጠኛ ዋርፋሪን የሚወስዱም ፓራሲታሞልን ለተከታታይ ቀናት ከወሰዱ የደም መርጋት ምርመራቸውን ቀደም አድርገው ይድገሙ፤ ሜትሮኒዳዞልና ኮትሪሞክሳዞል ራሳቸው ዋርፋሪንን በኃይል ያጠነክሩታል። ለእነሱ አይቡፕሮፌንና ለህመም ተብሎ የሚወሰድ አስፕሪን ከናካቴው አይመከርም።

አይቡፕሮፌን፦ የሚያሸንፍበትና የሚያስከፍልበት

አይቡፕሮፌን ህመምና እብጠት የሚፈጥሩትን ፕሮስታግላንዲን የሚባሉ ኬሚካሎች እንዳይመረቱ ያግዳል። እነዚሁ ኬሚካሎች የጨጓራን ግድግዳ ከአሲድ ይከላከላሉ፣ ወደ ኩላሊት የሚሄደውንም ደም ያስተካክላሉ። ስለዚህ ጥቅሙና ጉዳቱ ከአንድ ምንጭ ይቀዳል። ያለ ማዘዣ የሚወሰደው መጠን በአንድ ጊዜ ከ200 እስከ 400 ሚሊግራም ነው፤ በየ6 እስከ 8 ሰዓቱ፣ ከምግብ ጋር፣ በቀን ከ1200 ሳያልፍ።

የሚያሸንፍበት ቦታ የጥርስ ህመም ነው። የጥርስ ሐኪም አሞክሲሲሊን አዞ፣ ከአሞክሲሲሊኑ ጋር አይቡፕሮፌን 400 ሚሊግራም ከፓራሲታሞል 1000 ሚሊግራም ጋር ቢወሰድ፣ ሁለቱ ማስታገሻዎች በተለያየ መንገድ ስለሚሠሩ ተደጋግፈው አንዱ ብቻውን ከሚያደርገው የበለጠ ያስታግሳሉ። ይህ ጥምረት ጥርስ ከተነቀለ በኋላም የተለመደ ነው። ከአሞክሲሲሊንም ከሜትሮኒዳዞልም ጋር አይጋጭም። «አይቡፕሮፌንና ፓራሲታሞል አይገናኙም» የሚለውን ብዙ ጊዜ እሰማለሁ፤ የሁለቱም መጠን እስካላለፈ ድረስ ለጤነኛ አዋቂ ይገናኛሉ።

የሚያስከፍልበት ደግሞ እንደ አንቲባዮቲኩ ይለያያል።

ሲፕሮፍሎክሳሲን፣ ኖርፍሎክሳሲንና ሌቮፍሎክሳሲን በሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽንና በተቅማጥ በብዛት ይታዘዛሉ። እነዚህ መድኃኒቶች ብቻቸውንም የአንጎልን ነርቮች ሊያነሳሱ ይችላሉ፤ የአይቡፕሮፌን ቤተሰብ ሲጨመርበት የመንቀጥቀጥ ዕድሉ ከፍ ይላል። ለጤነኛ ሰው ዕድሉ ትንሽ ነው። የሚጥል በሽታ ላለበት፣ ጭንቅላቱ ላይ ጉዳት ደርሶበት ለሚያውቅ፣ ኩላሊቱ ለደከመ ሰው ግን ፓራሲታሞል እያለ አይቡፕሮፌንን መምረጥ ምንም ትርፍ የለውም። ሌላም አለ። እነዚህ አንቲባዮቲኮች ጅማትን ሊጎዱ፣ አንዳንዴም ሊበጥሱ ይችላሉ፤ በይበልጥ ከተረከዝ በላይ ያለውን ወፍራም ጅማት። አደጋው ከ60 ዓመት በላይ በሆኑና ፕሬድኒሶሎን በሚወስዱ ሰዎች ላይ ይብሳል። ሲፕሮ ጀምረው ሁለት ሦስት ቀን ሳይሞላ ተረከዝዎ አካባቢ ህመም ቢሰማዎ ማስታገሻ ውጠው ሥራዎን አይቀጥሉ። እግርዎን ያሳርፉ፣ ቀጣዩን ፍሬ ከመዋጥዎ በፊትም ላዘዘልዎ ሐኪም ይደውሉ። ማስታገሻው የማስጠንቀቂያውን ድምፅ ብቻ ነው የሚዘጋው።

ኮትሪሞክሳዞል፣ በተለምዶ ባክትሪም የሚባለው፣ ደም ውስጥ ያለውን ፖታሲየም ከፍ ያደርጋል። ለደም ግፊት የሚታዘዘው ኢናላፕሪልም እንዲሁ። አይቡፕሮፌን ሲጨመር ሦስቱ አንድ ኩላሊት ላይ ይረባረባሉ። ግፊት ያለባት እናታችን ኢናላፕሪሏን እየወሰደች ለሽንት ኢንፌክሽን ባክትሪም ቢታዘዝላት፣ ለወገቧ ህመም የሚሰጣት ፓራሲታሞል ነው። ለሐኪሙም ኢናላፕሪል እንደምትወስድ ይነገረው፤ አንቲባዮቲኩን ራሱን ሊቀይረው ይችላል። ጄንታማይሲን በመርፌ እየተወጋ ያለ ሰውም ከአይቡፕሮፌንና ከዳይክሎፌናክ ይራቅ፤ ጄንታማይሲን ብቻውን ለኩላሊት በቂ ፈተና ነው።

ዶክሲሳይክሊን ጉሮሮ ላይ ከተጣበቀ ያቆስላል፤ አይቡፕሮፌንና አስፕሪንም እንዲሁ። ማታ ልብስ ለብሶ፣ መብራት አጥፍቶ፣ ሁለቱን በአንድ ጉንጭ ውኃ ውጦ ጋደም ማለት ጧት «ምግብ ስውጥ ደረቴን ይወጋኛል» የሚያሰኝ ቁስል ይዞ መነሳት ሊሆን ይችላል። በሙሉ ብርጭቆ ውኃ፣ ቢያንስ ለ30 ደቂቃ ሳይጋደሙ፣ ከመኝታ ሰዓት ቀደም ብሎ ይወሰድ።

ከሁሉም ይበልጥ የማየው ስህተት ግን የሚጀምረው ከአይቡፕሮፌኑ ራሱ አይደለም፤ እሱን ተከትሎ ከሚመጣው ነው። አይቡፕሮፌኑ ጨጓራ ያቃጥላል። ሰውየው ለቃጠሎው ነጩን የጨጓራ ሽሮፕ ወይም የሚታኘከውን የጨጓራ ክኒን ይወስዳል። እነዚህ ውስጥ ያለው ማግኒዚየም፣ አሉሚኒየም ወይም ካልሲየም ደግሞ ሲፕሮፍሎክሳሲንንና ዶክሲሳይክሊንን አንጀት ውስጥ ይዞ ያስቀራቸዋል፤ አንቲባዮቲኩ ተወስዶ ደም ውስጥ ሳይገባ ይወጣል። ኢንፌክሽኑ አልሻል ሲል «መድኃኒቱ አልያዘኝም» ተብሎ ሌላ ይገዛል። ወተትና የብረት እንክብልም ተመሳሳይ ነገር ያደርጋሉ። ስለዚህ ሲፕሮ ከነዚህ 2 ሰዓት ቀድሞ ወይም 6 ሰዓት ዘግይቶ ይወሰድ፤ ዶክሲሳይክሊንም ቢያንስ 2 ሰዓት ይራቅ። ከዚያ የሚቀለው ግን ጨጓራ የማያቃጥለውን ማስታገሻ ከመጀመሪያው መምረጥ ነው።

የጨጓራ ባክቴሪያ መድኃኒት ላይ ላሉ

ይህ ለብቻው መነሳት ያለበት ነው፤ አገራችን ውስጥ ኤች ፓይሎሪ ያልተገኘበት ሰው ማግኘት እስኪያስቸግር ድረስ ስሙ የተለመደ ሆኗል። ሕክምናው ብዙ ጊዜ አሞክሲሲሊን፣ ክላሪትሮማይሲንና ኦሜፕራዞል በአንድ ላይ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ለ14 ቀን። ሁለት ሳምንት ሙሉ ራሱን የማያመው ሰው የለምና ማስታገሻ መፈለጉ አይቀርም። እዚህ ላይ ምርጫ የለም፤ ፓራሲታሞል ነው። አይቡፕሮፌን፣ ዳይክሎፌናክና አስፕሪን የጨጓራ ቁስል ከሚያመጡ ዋና ዋና ምክንያቶች መካከል ናቸው። ለቁስሉ እየታከሙ ቁስሉን የሚቀሰቅስ መድኃኒት መዋጥ ሕክምናውን ወደ ኋላ ይጎትታል። «ኦሜፕራዞል እየወሰድኩ ስለሆነ ይጠብቀኛል» የሚለው በከፊል እውነት ነው፤ ኦሜፕራዞል አደጋውን ይቀንሳል እንጂ አያጠፋም።

ሰገራው የጠቆረና የሚያጣብቅ ከሆነ፣ ወይም ደም ካስታወከ፣ ማስታገሻውን አቁሞ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል መሄድ ነው።

ዳይክሎፌናክ፣ አስፕሪንና ሌሎቹ

ዳይክሎፌናክ ከአይቡፕሮፌን ጋር አንድ ቤተሰብ ነው፤ ከላይ የተባለው ሁሉ ይመለከተዋል። በዚያ ላይ ለልብና ለደም ሥር ያለው ስጋት ያለ ማዘዣ ከሚወሰደው ዝቅተኛ የአይቡፕሮፌን መጠን ይበልጣል፤ የልብ ህመም ወይም ስትሮክ የነበረበት ሰው ሊወስደው አይገባም። «መርፌው ጨጓራ አይነካም» እየተባለ መወጋት ይወደዳል፤ ትክክል አይደለም። መድኃኒቱ በደም ዞሮ ጨጓራው ጋ ይደርሳል፤ መርፌ ያዳነው ጉሮሮን ብቻ ነው። የሚቀባው የዳይክሎፌናክ ጄል ግን ሌላ ነው። ወደ ደም የሚገባው ትንሽ ስለሆነ ለጉልበት ወይም ለትከሻ ህመም ከአብዛኛው አንቲባዮቲክ ጋር የተሻለ አማራጭ ነው።

አስፕሪን ለህመም በሚወሰደው መጠን ጨጓራንም የደም መርጋትንም ይነካል፤ ከ16 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ደግሞ ሬይ ሲንድሮም የሚባል የጉበትና የአንጎል ጉዳት ሊያስከትል ስለሚችል አይሰጥም። ለልባቸው በየቀኑ 75፣ 81 ወይም 100 ሚሊግራም አስፕሪን የታዘዘላቸው ግን አንቲባዮቲክ ጀመርኩ ብለው እንዳያቋርጡ። እነሱ አይቡፕሮፌን ከጨመሩ የልብ ጥበቃውን ሊያከሽፈው ይችላል፤ ፓራሲታሞል ይውሰዱ።

እስራኤል ያሉ ወገኖቻችን ኦፕታልጊንን ያለ ማዘዣ ያገኙታል። አሜሪካና እንግሊዝ የማይሸጥ መድኃኒት ነው፤ ምክንያቱም በጣም አልፎ አልፎ ነጭ የደም ሴሎችን በድንገት ሊያሳጣ ይችላል። ከአንቲባዮቲክ ጋር ሲሆን አስቸጋሪ የሚያደርገው የዚህ ጉዳት ምልክቶች ትኩሳት፣ የጉሮሮ ህመምና የአፍ ቁስል መሆናቸው ነው። ለቶንሲል አንቲባዮቲክ እየወሰደ ኦፕታልጊን የሚጨምር ሰው፣ ጉሮሮው ሲብስበት ቶንሲሉ ነው ወይስ ማስታገሻው የሚለውን ያለ ደም ምርመራ መለየት አይችልም። ለቶንሲል አካሞሉ ይሻላል።

ትራማዶል በማዘዣ ብቻ የሚሰጥ ነው፤ ከጎረቤት ተውሶ የሚወሰድ አይደለም። እሱም ከሲፕሮ ጋር የመንቀጥቀጥ ስጋትን ይጨምራል፤ መድኃኒት ለተላመደ ነቀርሳ ከሚሰጠው ሊኔዞሊድ ጋር ደግሞ ለሕይወት የሚያሰጋ ግጭት አለው። ለመገጣጠሚያ ብግነት (ሩማቶይድ አርትራይተስ) ወይም ለቆዳ በሽታ ሜቶትሬክሴት የሚወስድ ሰው አንቲባዮቲክም ማስታገሻም ከመጨመሩ በፊት ሐኪሙን መጠየቅ አለበት፤ አሞክሲሲሊንም አይቡፕሮፌንም ሜቶትሬክሴቱ ከሰውነት እንዳይወጣ ሊይዙት ይችላሉ፤ ከባክትሪም ጋር ደግሞ ጨርሶ መገናኘት የለበትም።

ነፍሰ ጡሮች ፓራሲታሞል ይውሰዱ፣ በትንሹ መጠንና ለአጭር ጊዜ። አይቡፕሮፌንና ዘመዶቹ ከ20ኛው ሳምንት በኋላ የፅንሱን ኩላሊትና ልብ ሊጎዱ ይችላሉ፤ ከዚያም በፊት ያለ ሐኪም አይወሰዱ። ለምታጠባ እናት ፓራሲታሞልም አይቡፕሮፌንም ይሆናሉ።

የቆላ ትኩሳት

ድሬዳዋ፣ አፋር ወይም ሶማሌ ክልል ሆኖ ትኩሳት የያዘው ሰው አንቲባዮቲክ ቢሰጠውም ህመሙ ደንጊ ሊሆን ይችላል። ድሬዳዋ ላይ በ2013 እ.ኤ.አ. ወረርሽኙ ተከስቶ ነበር፤ ከዚያም ወዲህ በአካባቢው ይመላለሳል። ደንጊ ደምን የሚያረጉትን ፕሌትሌቶች ስለሚቀንስ አይቡፕሮፌን፣ ዳይክሎፌናክና አስፕሪን መድማትን ያብሳሉ። ደንጊ አለመሆኑ እስኪረጋገጥ ፓራሲታሞልና ብዙ ፈሳሽ ብቻ። የወባ ምርመራም አይዘለል፤ አንቲባዮቲክ ጀምሬያለሁ ብሎ የወባ ምርመራን ማሳደር አደገኛ ነው።

ጾም፣ ቡናና መጠጥ

እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ሰው ጧት አይቡፕሮፌን በባዶ ሆዱ ሲወስድ ጨጓራውን፣ ውኃም ካልጠጣ ኩላሊቱን ያስጨንቃል። ረመዳን ላይም ያው ነው። በጾም የሚስማማው ፓራሲታሞል ነው። አይቡፕሮፌን ግድ ከሆነ ምግብ ከተበላ በኋላ፣ በረመዳን ከኢፍጣር በኋላ ይሁን። አንቲባዮቲኩ ግን ለጾም ተብሎ ሰዓቱ አይዛባም። በየ8 ሰዓቱ የታዘዘ አሞክሲሲሊን ጧት 12፣ ከሰዓት 8፣ ማታ 4 ሰዓት ላይ ሲሆን ይስተካከላል፤ «ቀን ሦስቱን ማታ አንዴ ልጨርሳቸው» አይሆንም። ለታመመ ሰው ንስሐ አባቱም ሼኩም መፍትሔ አላቸው፤ መጠየቅ ነው።

ሲፕሮፍሎክሳሲን ካፌይን ከሰውነት ቶሎ እንዳይወጣ ያደርጋል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብሎ ሦስቱንም የጠጣ ሰው ማታ ልቡ ሲመታ፣ እጁ ሲንቀጠቀጥ፣ እንቅልፍ እምቢ ሲለውና ራሱን ሲያመው «አንቲባዮቲኩ አልተስማማኝም» ሊል ይችላል። አንድ ስኒ ይበቃል። በዚህ ላይ ፓናዶል ኤክስትራ በእያንዳንዱ ፍሬ 65 ሚሊግራም ካፌይን አለው፤ ሲፕሮ የሚወስድ ሰው ተራውን ፓናዶል ይምረጥ።

ሜትሮኒዳዞል (ፍላጅል) የሚወስድ ሰው መጠጥ አይቅመስ፣ ካቆመም በኋላ እስከ 3 ቀን። ጠላም መጠጥ ነው። አንዳንድ የሳል ሽሮፖችም አልኮል አላቸው። ፓራሲታሞልም ሆነ አይቡፕሮፌን ከመጠጥ ጋር የባሰ ጉዳት አላቸውና ይህን ጊዜ እረፍት አድርገው ቢወስዱት ለጉበቱም ለጨጓራውም ይበጃል።

ለልጆች

ለልጅ የሚሰጠው መጠን በዕድሜ ሳይሆን በክብደት ነው የሚሰላው። ፓራሲታሞል በአንድ ጊዜ ለእያንዳንዱ ኪሎ ከ10 እስከ 15 ሚሊግራም፣ በቀን ከ4 ጊዜ ሳይበልጥ። አይቡፕሮፌን ለእያንዳንዱ ኪሎ ከ5 እስከ 10 ሚሊግራም፣ በየ6 እስከ 8 ሰዓቱ፤ ከ6 ወር በታች ላለ ሕፃን ያለ ሐኪም አይሰጥ።

ጥፋቱ የሚፈጠረው ሽሮፖቹ ጥንካሬያቸው ስለሚለያይ ነው። 12 ኪሎ የምትመዝን ልጅ በአንድ ጊዜ ከ120 እስከ 180 ሚሊግራም ፓራሲታሞል ያስፈልጋታል። 5 ሚሊ ሊትሩ 120 ሚሊግራም የያዘው ሽሮፕ ከሆነ ከ5 እስከ 7.5 ሚሊ ሊትር ይሰጣታል። ከአሜሪካ የመጣው የልጆች ታይሌኖል ግን በ5 ሚሊ ሊትር 160 ሚሊግራም አለው፤ 5 ሚሊ ሊትር ይበቃታል። 250 ሚሊግራም ያለው ሽሮፕ ከሆነ ያው 5 ሚሊ ሊትር ከልኩ ያልፋል። «አንድ ማንኪያ» የሚባለው መለኪያ ስለዚህ ዋጋ የለውም፤ ከጠርሙሱ ላይ ቁጥሩን አንብቦ መርፌ በሌለው ሲሪንጅ መለካት ነው። የአሞክሲሲሊኑ ሽሮፕም ባለ 125 እና ባለ 250 ስላለ ሁለቱን ጠርሙሶች ላለማምታታት ክዳናቸው ላይ በእስክሪብቶ መጻፍ ይረዳል።

ተቅማጥና ትውከት ላለበት ልጅ አይቡፕሮፌን አይሰጥም፤ ውኃ ባነሰው ሰውነት ኩላሊቱን ሊጎዳ ይችላል። ጉድፍ (ቺክን ፖክስ) ላለበትም እንዲሁ፣ የቆዳ ኢንፌክሽኑን ሊያከፋ ስለሚችል። ከ3 ወር በታች ያለ ሕፃን 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ካተኮሰ ማስታገሻ ሰጥቶ መጠበቅ የለም፤ ወዲያው ወደ ሕክምና ነው።

ማስታገሻው ሲሸፍን

ማስታገሻ ትኩሳትንም ያወርዳል፤ አንቲባዮቲኩ ይሥራ አይሥራ መለየት የሚያስቸግረው ለዚህ ነው። ትኩሳት የሚለካው ቀጣዩን ፓራሲታሞል ከመውሰድ በፊት ነው እንጂ ከተዋጠ ከአንድ ሰዓት በኋላ አይደለም። ከዚህ በተቃራኒ ህመሙ በማስታገሻ ስለጠፋ ብቻ «ድኛለሁ» ብሎ አንቲባዮቲኩን ከመሃል የሚያቋርጥ አለ፤ ማስታገሻው ሲቆም ህመሙ ተመልሶ ይመጣል። ማስታገሻ ሲያስፈልግ ብቻ ይወሰዳል፣ ህመሙ ከሄደ ይቆማል፤ አንቲባዮቲኩ ግን ሐኪሙ እስካለው ቀን።

ከ2 እስከ 3 ቀን አንቲባዮቲኩ በትክክል ተወስዶ ትኩሳቱ ካልቀነሰ፣ ወይም ማስታገሻ በየ4 ሰዓቱ ካልተወሰደ መቆም ካልተቻለ፣ መልሱ ሌላ ማስታገሻ መቀየር ሳይሆን ሐኪሙ ጋ መመለስ ነው። ፊት ወይም ምላስ ካበጠ፣ መተንፈስ ከከበደ፣ ቆዳ ላይ ሽፍታ ወጥቶ መላላጥ ወይም የአፍና የዓይን ቁስል ካስከተለ፣ ዓይን ቢጫ ከሆነ፣ ሽንት በጣም ካነሰ ወይም ከቆመ፣ ሁለቱንም መድኃኒት አቁሞ በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል መድረስ ያስፈልጋል። ሲሄዱ ሳጥኖቹን ይዘው ይሂዱ፤ የጉንፋኑንም የጎረቤቱንም ጭምር። ሐኪሙ ምን ምን እንደተዋጠ ከሳጥኑ ላይ ያነበዋል።